ተሳቢ ቤት ሲጫን፦ ከጎንደር ወደ ስሜን ለሚነሱ

(ጎንደር ላይ ለሾፌሮች፣ ለአስጎብኚዎችና ከቤተሰብ ጋር ለሚጓዙ ሰዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ጉዞ ሲታሰብ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ “ምን እንያዝ?” የሚል ነው። ከዚያ ዝርዝሩ ይረዝማል። ፍራሽ ይመጣል፣ ድስት ይመጣል፣ መሶብ ይመጣል። “ለማንኛውም” ተብሎ ሁለተኛ ድስት ይጨመራል። እኔ ዛሬ ሌላ ጥያቄ እንድታስቀድሙ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት፤ “ስንት ኪሎ መጫን እንችላለን?” የሚለውን። እሱ ሳይመለስ አንድም ሻንጣ ከቤት ባይወጣ ደስ ይለኛል። የምንጭነውን እያንዳንዱን ኪሎ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጎትተዋል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑ ይይዘዋል። የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት አያጣም።

ተሳቢ ቤት የምለው መኪና ከኋላው የሚጎትተውን፣ አልጋና ማድቤት ያለውን ተሳቢ ነው። ካራቫን የሚለውም አለ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ የተለመደ ነው። እዚህ ብዙ አናይም። ሆኖም ከሱዳን በመተማ በኩል ወደ ጎንደር የሚገባው መንገድ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚጓዙ ሰዎች መተላለፊያ ሆኖ ቆይቷል። አሁን አሁን ደግሞ የእኛም ልጆች ተሳቢ አሠርተው ከቤተሰብ ጋር መውጣት እያሰቡ ነው። ተሳቢ የሌላችሁም አትሂዱብኝ። ላንድክሩዘር ፖርቶ መጋላ ላይ ወይም ሚኒባስ ውስጥ ለምትጭኑ ሰዎችም ነገሩ ያው ነው።

ይህን ዓይነት ቤት በዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዋሊ ባያም ነው፤ ኤርስትሪም የሚባለውን የብር ቀለም ያለው ተሳቢ ቤት የሠራው። ልጅ ሳለ በግ ጠባቂ ነበር። የሚያድረው አህያ በሚጎትተው ባለሁለት ጎማ ጋሪ ውስጥ ነበር። በጋሪው የነበረው በላምባ የሚሠራ ምድጃ፣ የምግብ ባልዲና የመኝታ ከረጢት ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 አርባ አንድ ተሳቢ ቤቶችን አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሣ። ኢትዮጵያንም አቋርጠው አለፉ። በዚያ ዘመን መንገድ፣ በዚያ ዘመን ጭቃ! የእኛ መንገድ ለተሳቢ ቤት አዲስ አይደለም ለማለት ነው ያነሣሁት።

አሁን ወደ ኪሎው እንግባ።

ማንኛውም በፋብሪካ የተሠራ ተሳቢ አካሉ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ አለው። እዚያ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ባዶውን ሲመዘን ያለው ክብደት ነው። ሌላው ከነጭነቱ ሊደርስበት የሚፈቀደው የመጨረሻ ክብደት ነው። ልዩነቱ ለእናንተ የተተወው ጭነት ነው። ለማስረዳት ያህል፣ ባዶው 1,200 ኪሎ፣ የመጨረሻው 1,500 ኪሎ ነው እንበል። 300 ኪሎ ተፈቀደላችሁ። ብዙ ይመስላል፣ አይደል? እንቁጠረው። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። አንድ የጋዝ ሲሊንደር ከነብረቱ 25 ኪሎ ያህል ይሁን። የቤት ውስጥ መብራት ባትሪ 25። ስኮርታ ጎማ 20። ከበር ፊት የሚዘረጋው ሸራ ከነብረቱ 20። አንድም ልብስ፣ አንድም እህል ሳይገባ 190 ኪሎ ሞላ። የቀረው 110 ነው። ቤተሰቡ አምስት ሰው ከሆነ ለአንድ ሰው 22 ኪሎ ይደርሰዋል። ብርድ ልብሱም፣ ምግቡም፣ ሳህኑም ከዚያው ነው።

ይህን ስሌት በወረቀት የሠራ ሰው ሁለተኛውን ድስት ራሱ መልሶ ያስገባዋል።

የስሜን ተራሮች መንገድ ለምን የተለየ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅም ልንገራችሁ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ስንደርስ 2,800 ሜትር አልፈናል። በፓርኩ ውስጥ ካሉት የማደሪያ ሰፈሮች ሳንቃበር ከ3,200 በላይ ነው። ጨነቅ ከ3,600 በላይ ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ሳንቃበር ላይ ያለው መኪና ባሕር ዳርቻ ላይ ከነበረው ጉልበት 30 በመቶ ገደማ ጎድሎበታል ማለት ነው። ሾፌሩ “ዛሬ መኪናው ከበደኝ” የሚለው ለዚህ ነው። ጭነቱ እዚያው ነው፤ ጉልበቱ ግን ቀንሷል።

ዳገቱ ቢበዛ ያዘገየናል። የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን ሊማሊሞን የማያውቅ ሾፌር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጣሊያኖች የቀየሱት፣ ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው። እዚያ ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬን ሸራውን ያግለዋል። ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ አድርጎ መውረድ ነው መፍትሔው። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የምጨምረው ይህን ነው፤ 200 ኪሎ ትርፍ ዕቃ ከኋላ እየገፋ ሲመጣ ያ ጥንቃቄም ላይበቃ ይችላል። ቁልቁለቱን የምታሸንፉት ጎንደር ግቢያችሁ ውስጥ ዕቃ ስትቀንሱ ነው።

ቀጥሎ ቦታ ነው። የት ምን ይቀመጥ?

አያቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል። ሲራራ ነጋዴ ከጎንደር ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ሲወርድ በቅሎዋን የሚጭናት ግራና ቀኙን አስተካክሎ ነበር። አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ ይዞራል፣ መጫኛው ይላላል፣ ጀርባዋ ይላጣል። ዛሬም ደባርቅ ላይ ለስሜን ጉዞ በቅሎ የሚጭኑ ሰዎች ዕቃውን በእጃቸው አንሥተው ሳያመዛዝኑ አያስሩም። ተሳቢም እንዲሁ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ከባዱ ዕቃ ወለል ላይ ይሁን። ቀላሉ ወደ ላይ ይውጣ።

ተሳቢ ላይ ግን በቅሎ ላይ የሌለ አንድ ነገር አለ፤ የፊትና የኋላው ጉዳይ። ከጠቅላላው ጭነት 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን ከሚያያይዘው ብረት) ፊት፣ 40 በመቶው ከአክስሉ ኋላ ይሁን ይባላል። በጣም ከባዱ ዕቃ አክስሉ ላይ ወይም ከእሱ ጥቂት ፊት ወለል ላይ ይቀመጥ። ተሳቢው በጋንቾው በኩል መኪናው ላይ የሚያሳርፈው ክብደትም ልክ አለው። በአሜሪካ አሠራር የተሳቢው ሙሉ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን ይላሉ። ለአውሮፓ ካራቫኖች ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚል ምክር ይሰጣል። የእናንተ ተሳቢና መኪና መመሪያ የሚለውን ተከተሉ። 1,500 ኪሎ ተሳቢ በአሜሪካኖቹ ልክ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ጋንቾው ላይ ያሳርፋል።

ይህን በግምት አትተዉት። የጭነት መኪና ሚዛን ባለበት ሂዱ። መጀመሪያ ተሳቢውን ፈትታችሁ ለብቻው መዝኑት። ቀጥሎ ከመኪናው ጋር አያይዛችሁ የተሳቢውን ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መኪናው የተሸከመው ነው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ጭነቱ ወደ ኋላ ቢያደላ ምን ይሆናል? ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል። ከባድ መኪና አጠገባችሁ ሲያልፍ ወይም ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ጭራው ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ መኪናውንም አብሮ ያወዛውዘዋል። እንዲህ ከሆነ በድንገት ፍሬን አትርገጡ። መሪውንም እያጠማዘዛችሁ ልታስተካክሉት አትሞክሩ። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እስኪረጋ ጠብቁ። ተሳቢው በእጅ የሚሠራ የራሱ ፍሬን ካለው እሱን ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ያዙ። ሲረጋ ቆማችሁ ጭነቱን ወደ ፊት አምጡ። ዳግመኛ እንዳይመጣ የሚያደርገው ጭነቱን ማስተካከል ብቻ ነው።

አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የነገሥታቱ መናገሻ አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን የሚንቀሳቀስ ሰፈር ነበር። የንጉሡ ድንኳን መሐል ይተከላል። የሌላው ሁሉ ቦታ ቀድሞ የታወቀ ነው። ሰፈሩ በጨለማ ቢደርስ እንኳ እያንዳንዱ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ተሳቢ ቤት ውስጥም ይህን ሥርዓት አምጡት። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቦታ፣ ከተጠቀማችሁበት በኋላም ወደዚያው። ባትሪ መብራት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥንና ክሪክ ሌሊት በዳበሳ መገኘት አለባቸው። ሲነጋ እንፈልገዋለን የሚባሉ ዕቃዎች አይደሉም።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነው። ያንቀጠቅጣል። ቁምሳጥን በር በገመድ ወይም በመቀርቀሪያ ይታሰር። ብርጭቆ ይቅር፣ የላስቲክና የቆርቆሮ ይበቃል። ተሳቢው ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ደባርቅ ላይ አቁሞ፣ የሚያስፈልገውን ብቻ በመኪናው ይዞ መግባት ይሻላል። እና አደራ፣ ተሳቢው በሚጎተትበት ጊዜ ሰው ውስጡ አይቀመጥ። ልጅ ተኝቷል ተብሎም አይተው። ተነሥቶ መኪናው ውስጥ ይግባ።

ወደ ስንቁ ልምጣ። ከሁሉም የምወደው ርዕስ ይህ ነው።

እኛ ጎንደሬዎች ሰው ቤታችን መጥቶ ሳይበላ ቢወጣ እናፍራለን። ይህ ባሕርይ ጉዞም ላይ አብሮን ይወጣል። አምስት ሰው ሲጓዝ ለአሥራ አምስት ይጫናል። ይህን ማንም እንዲተወው አልጠይቅም። የሚያምርብን ነገር ነው። ግን ለጉዞ የሚሆን ምግብ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ልግስናውን በቀላል ምግብ እናድርገው። በሶ አለን። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ውሃ ብቻ የሚፈልግ ምግብ። ዳቦ ቆሎ አለን። ድርቆሽ አለን፤ ውሃው የወጣለት እንጀራ፣ ክብደቱም አብሮ የወጣለት። ቋንጣ አለን። ቆሎ አለን። ሽሮና በርበሬ አለን። እነዚህ ሁሉ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም። አብዛኞቹ እሳትም አይፈልጉም። ዘማቹም ነጋዴውም ሲይዛቸው የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እርጥብ እንጀራ ግን ብዙ ውሃ ስላለው ይከብዳል፣ ታፍኖም ይሻግታል። ለመጀመሪያው ቀንና ለማግስቱ የሚበቃ ብቻ ይያዝ። ከዚያ በኋላ ድርቆሹ ይፈርፈር። ጠላ በጄሪካን መጫን ደግሞ ይቅርብን። ከባድ ነው፣ መንገዱ ሲንጠው ይገነፍላል፣ ሾፌር ባለበት መኪና ውስጥም ቦታው አይደለም።

የምግብ ዝርዝር ከመጻፋችሁ በፊት የጾም ቀን ቁጠሩ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነው። ይህ ደግሞ ዝናቡ ቆሞ ስሜን ለጉዞ ጥሩ የሚሆንበት ወቅት ነው። ጿሚ ቤተሰብ በዚያ ጊዜ ሲወጣ ሥጋው፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ ሁሉ ይቀራል። አብሮም የበረዶ ሣጥኑ ይቀራል። ብዙ ኪሎ ነው የሚቀንሰው። በጾም ወቅት ሥጋ ጭነው ወጥተው መልሰው የሚያመጡ ሰዎች አሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

መንገድ ላይ የሚገኘውንም ከዚህ አትሸከሙ። ደባርቅ ገበያ ድንች ሞልቶ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ድንች ጭኖ መውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጉዞው ወደ ጎርጎራ ከሆነ ዓሣው ከጣና ነው። ወደ ባሕር ዳር ከሆነ የፎገራ ሩዝ መንገዳችሁ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ተሳቢው ይቀላል፣ ገንዘቡም የምታልፉበት አገር ሰው እጅ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ለምግብ አብሳዮቹ። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን ሙቀቱ ትንሽ ነው። እዚህ ጎንደር ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጨነቅ ላይ በ88 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላ፣ ሽምብራና ያልተከካ ምስር እሳት ላይ ቢውሉም እንቢ ይላሉ። ጋዙ ያልቃል፣ እነሱ አይበስሉም። ለስሜን ጉዞ ሽሮ፣ ክክ የሆነ ምስርና ቤት የተቀቀለ እህል ያዙ።

ውሃ። ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር አስቡ። አምስት ሰው ሁለት ቀን ሲቆይ 30 ሊትር ነው። ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ 20 ሊትር ብንጨምር 50 ይሆናል። ታንከሩ 100 ሊትር ስለሚይዝ ብቻ 100 መሙላት የለብንም። ግን ትልቅ ታንከር በግማሽ ሲሞላ ውሃው ወዲያ ወዲህ ይማታል፣ ተሳቢውንም ያናውጠዋል። ስለዚህ ታንከሩን ባዶ አድርጎ ውሃውን በትናንሽ ጄሪካኖች ሞልቶ፣ አክስሉ አጠገብ ወለል ላይ አስሮ መውሰድ ይሻላል። ደባርቅ ላይ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ከጎንደር ያለውን ዳገት ባዶ ጄሪካን ይዘን እንወጣዋለን። ያን ቀን ውሃ መኖሩን ግን እዚያ ላለ ሰው ቀድማችሁ ደውሉ።

አሁን በጣም እንድታዳምጡኝ የምፈልገው ነገር አለ። እሳት።

የስሜን ሌሊት ይበርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል። ሰው ሲበርደው የሚመጣለት ሐሳብ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። እባካችሁ፣ በምታምኑት አምላክ፣ ይህን አታድርጉ። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል። ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከዚያ አይነቃም። ተሳቢ ቤት ደግሞ ከጎጆ ይልቅ የታፈነ ነው። ጭስ የለውም፣ ፍም ብቻ ነው ማለት አያድንም። ፍሙም ያወጣዋል። የጋዝ ምድጃም ለማሞቂያ ብላችሁ አታቀጣጥሉ። ከፍታ ላይ የራስ ምታት የተለመደ ስለሆነ ሰው “የከፍታው ነው” ብሎ ሊዘናጋም ይችላል። ለብርዱ መፍትሔው ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያና ከታች የሚነጠፍ ነገር ነው። ስለ ልብስ የምለው ይህን ብቻ ነው። ደራርቦ መልበስ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን የተለየ ልብስ አያስፈልግም።

ስለ ጋዙ ሁለት ነገር። ስትጓዙ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋ። ሲሊንደሩም ቆሞ ይታሰር እንጂ አይጋደም። ትናንሾቹን የካምፒንግ ጋዝ ጣሳዎች የምትይዙ ከሆነ ደግሞ የተጻፈባቸውን አንብቡ። ንጹሕ ቡቴን በ0 ዲግሪ አካባቢ ወደ ጋዝነት መለወጡን ስለሚያቆም ስሜን ላይ በማለዳ አይነድላችሁም። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል።

መሣሪያን በተመለከተ ሾፌሮቹ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ለተሳቢውም የራሱ ስኮርታ ይኑረው፤ የመኪናው ላይገጥም ይችላል። ክሪኩ ለተሳቢው ቁመት መሆኑ ይሞከር። ለጎማ ማስቆሚያ ድንጋይ ከመፈለግ ሁለት የእንጨት ሽብልቅ ይያዝ። ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ተሳቢው ላይ መሥራቱ ይታይ። ብዙ ቆሞ የሚከርም ተሳቢ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነው ለጎሚስታ አሳዩት።

ቆሻሻ ሣጥንም ይቆጠር። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ዋልያውም ጭላዳውም የእኛ ብቻ ናቸው፣ ሌላ ቦታ የሉም። አስታውን ለማገዶ አትቁረጡ። ምግብ ውጭ አታሳድሩ፤ ቁራውም ጭላዳውም ይለምዳል። ይዛችሁ የገባችሁት ላስቲክና ቆርቆሮ ተመልሶ ጎንደር ይምጣ። ለእሱም ጠንካራ ከረጢት ያዙ።

ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ በቅርቡ ካለፉ ሾፌሮች ጠይቁ። አይሻልም ካሉ ቀኑን ለውጡት። ከተነሣችሁ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቁሙ። የጎማ ቡሎኖቹን አጥብቁ። እጃችሁን ወደ መሐል ቸርኬው ጠጋ አድርጋችሁ ሙቀቱን ፈትሹ። አንዱ ጎማ ከሌላው ይልቅ የሚግል ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለው። ውስጥ ገብታችሁም የተንሸራተተ ዕቃ ካለ መልሳችሁ እሰሩ።

እስኪ አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።

(ከቀረቡት ጥያቄዎች ሦስቱን ከነመልሳቸው እዚህ አስፍሬያለሁ።)

አንዲት እናት “ልጄ፣ ቡናውንስ እንዴት ላድርገው? ያለ ቡና እንዴት ይታደራል?” አሉኝ።

እማማ፣ ቡናውማ አይቀርም። ቡናውን ቤት ቆልተው ወቅጠው ይያዙት፤ ሙቀጫው ይቀራል፣ እሱ ነው ከባዱ። ጀበናዋን በጋቢ ይጠቅልሏት። ሲኒዎቹን ለየብቻ በጨርቅ አድርገው ድስቱ ውስጥ ይክተቷቸው፣ ድስቱ ባዶውን ከሚሄድ። ረከቦቱ ይቅር፤ የቄጠማው ጉዝጓዝ ላይ ይደርድሩት። ከሰሉ ግን ውጭ ይነድዳል፣ ውጭ ያልቃል፣ ውጭ ያድራል።

አንድ ወጣት ሾፌር “ደንበኛው ሁሉንም ጫን ቢለኝስ? ገንዘብ ከፋዩ እሱ ነው” ብሎ ጠየቀ።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው፣ ገብቶኛል። ጭቅጭቁን መነሻው ቀን ላይ አታድርገው። ዋጋ ስትነጋገሩ ለአንድ ሰው የተፈቀደውን ኪሎ አብረህ ንገረው። በስልክም ጽፈህ ላክለት። መነሻው ቀን ላይ የእጅ ሚዛን ይዘህ ቅረብ። ሰው ከሾፌር ጋር ይከራከራል፣ ከሚዛን ጋር ግን ብዙም አይከራከርም። ካልሆነ ትርፉን ዕቃ በሌላ መኪና ደባርቅ ድረስ እንዲልከው አማክረው። ፍሬኑ ሲግል መሪውን የያዝኸው አንተ ስለሆንህ፣ የመጨረሻው ቃል የአንተ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ “ተሳቢዬን ጋራዥ ነው ያሠራሁት፤ የክብደት ሰሌዳ የለውም። ልኩን በምን ልወቅ?” የሚል ነበር።

ባዶውን አስመዝነው። ቀጥሎ ከክፍሎቹ ሁሉ ትንሽ ክብደት የሚችለውን ፈልግ። ጎማው ላይ የጭነት ቁጥር አለ። 91 የሚል ከሆነ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል፣ ሁለቱ 1,230። አክስሉና ባሌስትራው ከምን መኪና እንደተወሰዱ በያጁን ጠይቀው፤ ያ አክስል በዚያ መኪና ላይ ሳለ የሚችለውን አትለፍ። ጋንቾው የሚችለው ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ተመትቶበታል። መኪናህ የሚጎትተው ልክ መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ፤ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተጻፈው ቁጥር ፍሬን ላለው ከተጻፈው በጣም ያነሰ ስለሆነ ሁለቱን አታምታታ። በአውሮፓ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ አያልፍም። ከእነዚህ ሁሉ ትንሹን ቁጥር ያዝ። ባዶውን ክብደት ቀንስለት። ብየዳው ራሱ እንዳይለቅ ከአሥር አንዱን ደግሞ ለመጠባበቂያ ተወው። የቀረውን ጫን።